ማታ ተሠርቶ የሚያድር የልጆች ቁርስ፦ የቱ ይቻላል፣ የቱ አይቻልም?

የውይይት ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ተከታታይ ምላሾቹን፣ የከፈተችው ጸሐፊ ቁርጥ ያለ አቋም ይዛ ነው የመጣችው። ጥድፊያ ላለበት ቤት ጠዋት እሳት የሚነካ ቁርስ አይሆንም ትላለች። ልጆች ከነቁበት እስከሚወጡበት 40 ደቂቃ ካለ፣ መታጠብ፣ መልበስና የጠፋ ደብተር ፍለጋ ግማሹን ይወስዳሉ። በቀረችው 20 ደቂቃ ልጁ መብላት እንጂ ድስት እስኪፈላ መጠበቅ የለበትም። ስለዚህ ሁሉም ማታ ማለቅ አለበት ብላ አራት ነገር ዘረዘረች፦ በወተት ተነክሮ የሚያድር አጃ፣ ቀድሞ የተቀቀለ እንቁላል፣ ተበጥብጦ ፍሪጅ የሚያድር የፓንኬክ ሊጥ፣ ትኩስ ወተት ፈሶበት ፔርሙስ ውስጥ የሚያድር የተከካ አጃ። የታሰበው ከ3 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች ነው። ጥያቄዋ ደግሞ አጭር ነበር፤ ከአራቱ የማይሠራው የቱ ነው፣ ለምንስ? 24 ምላሽ አገኘች። የመጀመሪያዎቹ በምስጋና የተከፈቱ ናቸው፤ ፔርሙሱ ላይ ሲደረስ ግን እርስዎ መባባሉ ቀረ።

1ኛው ምላሽ ሐሳቡን ደግፎ የሚነከረውን አጃ ልክ አስቀመጠ። ከ6 እስከ 10 ዓመት ላለ አንድ ልጅ ግማሽ ኩባያ፣ ማለትም 40 ግራም ገደማ የተዳመጠ አጃ፣ 120 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው እርጎና ቁንጥር ጨው። ለ3 ዓመት ልጅ የዚህ ግማሽ ይበቃል። ክዳን ባለው ዕቃ ተበጥብጦ ቢያንስ 6 ሰዓት ፍሪጅ ይቀመጣል። ጨው ትንሽ ቢሆንም እንዳይዘለል አሳስቧል፤ አጃው አልጫ ከሆነ ልጁ ስኳር ይጠይቃል። ዘቢብ ማታ ይግባ፤ ፈሳሹን ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ጣዕሙንም ለወተቱ ይሰጣል። ሙዝ ግን የጠዋት ሥራ ነው፤ የተቆረጠ ሙዝ አየር ሲነካው ይጠቁራል፣ እርጥበት ውስጥ ሲያድር ደግሞ ይላሽቃል። እሑድ ማታ የተሠራው እስከ ረቡዕ ጠዋት ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ መኮምጠጥ ይጀምራል።

2ኛው እዚያው ላይ ቅድመ ሁኔታ ጨመረ፤ አጃ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ቶሎ የሚበስለው፣ ስስና የተፈረፈረው ዓይነት ሲያድር ሙጫ ይሆናል፤ እሱን ጠዋት በትኩስ ወተት መበጥበጥ ይሻላል። የተከካው በተቃራኒው በቀዝቃዛ ወተት ቢያድርም እንደ ጠጠር ጥርስ ላይ ይቀራል፤ ቀድሞ ካልፈላ በደንብ አይለሰልስም። ለመነከር የሚስማማው ፍሬው በእንፋሎት ለስልሶ የተዳመጠው ነው። ክሩን ለሚያነብ ሰው ይህችን ነጥብ መያዝ ይጠቅመዋል፤ ከታች የተነሣው ጭቅጭቅ ግማሹ ሁለቱ ወገኖች ስለተለያየ አጃ ሲያወሩ ስለነበረ ነው።

3ኛዋ መላሽ ቀዝቃዛ አጃ የማይቀበል ልጅስ ብላ ጠይቃ መልሱን ራሷ አመጣች። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጦ 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት መጨመር፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ማሞቅ፣ መሐል ላይ አንዴ ማማሰል። በጠባብ ብርጭቆ ከሞቀ ስታርቹ አረፋውን አፍኖ ስለሚይዘው ገንፍሎ ይፈሳል። ከፍሪጅ የወጣን ብርጭቆ በቀጥታ ሙቀት ውስጥ ማስገባትም ሊሰነጥቀው ይችላል። ማማሰሉ ደግሞ ለልጁ አፍ ሲባል ነው፤ ማይክሮዌቭ እኩል ስለማያሞቅ አንዱ ቦታ ለብ ብሎ ሌላው ሊፋጅ ይችላል።

4ኛው ምላሽ አጃ ማደሩ ፋይቲክ አሲዱን (በእህል ውስጥ ያለ፣ ብረትን ይዞ የሚያስቀር ንጥረ ነገር) ያጠፋዋል፣ ብረቱም ሙሉ በሙሉ ለሰውነት ይለቀቃል ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ። መልስ ያገኘው ሁለት ምላሽ ዘግይቶ ነው፤ በመሐል 5ኛዋ ስለ እንቁላል ረጅም ጽሑፍ አስገባች።

የእሷ ዘዴ ይህ ነው። ውሃው መጀመሪያ ይፍላ፤ እንቁላሉ በማንኪያ ቀስ ብሎ ይግባ፤ 10 ደቂቃ ይቀቀል፤ ከዚያ በበረዶ ወይም በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆይ። በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ አብሮ የሚሞቅ እንቁላል ነጩ ከስሱ ሽፋን ጋር ስለሚጣበቅ ሲላጥ ይቦጫጨቃል። በጣም አዲስ እንቁላልም እንዲሁ ነው። ሳምንት ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ስለሚወጣ የነጩ አሲድነት ይቀንሳል፣ መላጥም ይቀላል። በአስኳሉ ዙሪያ የሚታየው አረንጓዴ ቀለበት የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ብዙ ሲቀቀል ከነጩ የሚወጣው ሰልፈር ከአስኳሉ ብረት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ነው። ከነቅርፊቱ ፍሪጅ ውስጥ 7 ቀን ይቆያል። ሲቀቀል የተሰነጠቀው በዚያው ቀን ይበላ። ፍሪዘር ግን አይሞከርም፤ ነጩ ጎማ ይሆናል።

6ኛው ምላሽ ወደ 4ኛው ተመልሶ በጨዋ ቋንቋ አረመው። አጃ ሲዘጋጅ በእንፋሎት ስለሚሞቅ ፋይቲክ አሲድን የሚሰባብረው ኢንዛይም አብዛኛው እዚያው ይጠፋል፤ በፍሪጅ ቅዝቃዜ አንድ ሌሊት ማደሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ለውጥ አያመጣም። መንከር የሚጠቅመው ለልስላሴውና ለጊዜው ነው። ብረቱን ሰውነት እንዲመጠው ከተፈለገ ቫይታሚን ሲ ያለው ፍሬ በዚያው ማዕድ ይቅረብ፤ ግማሽ ብርቱካን ወይም ጥቂት እንጆሪ ይበቃል። ሻይ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በውስጡ ያለው ታኒን ብረቱን ይዞ ስለሚያስቀር ከቁርስ ጋር አይሰጥ። ወተትም ቢሆን ልክ አለው፤ ትንሽ ልጅ በቀን ከግማሽ ሊትር ብዙ አልፎ ከጠጣ ሆዱ ስለሚሞላ ብረት ያለውን ምግብ ይተወዋል። ከክሩ ሁሉ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። ስህተቱን ነቅሶ ብቻ አልተወም፤ ጠያቂው ሲፈልገው የነበረውን ነገር በሌላ መንገድ ሰጥቶታል።

7ኛው የፓንኬኩን ሊጥ ከዝርዝሩ አስወጣ። ቤኪንግ ፓውደር ፈሳሽ ሲነካው ወዲያው ጋዝ ማውጣት ይጀምራል። አንዳንዱ ዓይነት የጋዙን ከፊል ለሙቀት ያስቀራል፤ ቢሆንም ሌሊቱን ያደረ ሊጥ ጠዋት መጥበሻ ላይ ሲፈስ ሳይነፋ ቀጭንና ድርቅ ያለ ይሆናል። ማታ የሚደባለቀው ደረቁ ብቻ ነው፦ 130 ግራም ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። ፈሳሹ፣ ማለትም 1 እንቁላል፣ 180 ሚሊ ሊትር ወተትና 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በሌላ ዕቃ ፍሪጅ ያድራል። ጠዋት ሁለቱ ተገናኝተው አሥር ጊዜ ያህል ብቻ ይማሰላሉ። ጥቃቅን ጉብታ ቢቀርም ግድ የለም፤ ጉብታው እስኪጠፋ የሚመታ ሊጥ ግሉተኑ (የዱቄቱ ፕሮቲን) ስለሚጠነክር ፓንኬኩ ለማኘክ ይከብዳል። እሱ ራሱ ግን ይህንንም ለሥራ ቀን አይመክርም። የሚመክረው ባረፉበት ቀን ጠብሶ፣ ሳይደራረብ በሽቦ ላይ አቀዝቅዞ፣ በየመሐሉ ወረቀት አድርጎ ፍሪዘር ማስገባት ነው። ትኩሱ ከተደራረበ እንፋሎቱ መሐል ላይ ታፍኖ ያረጥበዋል፣ ሲቀዘቅዝም አንድ ላይ ይጋገራል። ጠዋት ከፍሪዘር በቀጥታ ዳቦ መጥበሻ ውስጥ ይገባል።

8ኛዋ ለዚህ አንድ ልዩነት አለ አለች። በእርሾ የተሠራ ሊጥ ማደር ይችላል፤ ማደሩም ይጠቅመዋል። በዚያው ልክ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩን በግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ መተካትና ወዲያው ፍሪጅ ማስገባት። ቅዝቃዜው እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ ስለዚህ ዕቃው ከሊጡ ሁለት እጥፍ ካልሰፋ ጠዋት ፍሪጁ መደርደሪያ ላይ ፈስሶ ይገኛል። ያው ምላሽ ስለ እንቁላሉም አንድ ነገር ጣል አድርጎ አለፈ። የ10 ደቂቃው ልክ ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ ቦታ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ስለሆነ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። ያኔ ማንም ልብ ያላለው ይህ ነጥብ ኋላ ለፔርሙሱ ክርክር ማስረጃ ሆኖ ተመለሰ።

9ኛው ምላሽ በአክብሮት፣ እርስዎ እያለ፣ የፔርሙሱን አጃ እንድትተወው የክሩን ባለቤት ጠየቃት። አፈር ላይ ከሚበቅል እህል ጋር አብሮ የሚመጣ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዘሩ በመፍላት አይሞትም። ምግቡ ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይነቃል፣ ለብ ባለ ወተት ውስጥ ይራባል። ፔርሙስ ደግሞ ሥራው ምግቡን በፍጥነት እንዳይቀዘቅዝ ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ አንዴ ከ60 ከወረደ በኋላ ቀሪውን ሌሊት በዚያ አደገኛ ክልል ውስጥ ያቆየዋል።

10ኛው ተቆጣ። ይህ ሰው ሰበር ዜና እንደሚያወራ ሆኖ ሰውን ማስፈራራት ነው ሥራው አለ፤ አንተ እያለም ነው የጻፈው። ፔርሙስ የተሠራው ትኩስ ነገር ለማቆየት ነው፤ ጠዋት እንደገና ማፍላት ደግሞ የቀረውን ሁሉ ይገድላል፣ ነገሩ እዚያ ያበቃል አለ። 11ኛው በዚያው ቃና መለሰለት። አንብበህ አልገባህም፣ ባክቴሪያውን መግደልና መርዙን ማጥፋት አንድ አይደለም ይላል። ባክቴሪያው ሲራባ የሚያመነጨው፣ ማስታወክ የሚያመጣው መርዝ ሙቀት አይበግረውም፤ ብታፈላውም እዚያው ነው። ያደረ ሩዝ ሰውን የሚያሳምመው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፍሪጅ ሳይገባ ክፍል ውስጥ አድሮ ጠዋት ስለሞቀ ብቻ ደኅና አይሆንም። አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ ነገሩ ግን ትክክል ነው፣ 10ኛውም ለዚህ ነጥብ መልስ አላገኘለትም።

ክርክሩን ከስድብ ያወጣችው 12ኛዋ ናት። እንዲህ ከሆነ እንለካው አለች። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ጠዋት ክዳኑን ከፍቶ መሐሉን ይለካ፤ ከ60 በላይ ከሆነ ይብላ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ይድፋ። ከዚያ 8ኛዋ ያነሣችውን አመጣች፦ ከፍ ባለ ቦታ ውሃው ገና ሲፈስ 92 ዲግሪ ነው፣ ቀዝቃዛው የፔርሙስ ግድግዳና አጃው ራሱ ወዲያው ብዙ ዲግሪ ይቀንሱበታል፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ፔርሙስ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። እሷ ፔርሙስ የምትፈቅደው ጠዋት ተሠርቶ በመንገድ ላይ ለሚበላ ቁርስ ነው። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልቶ 10 ደቂቃ ዘግቶ ማቆየት፣ ያንን ደፍቶ የሚንተከተከውን አጃ እስከ አፉ መሙላት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ መብላት።

13ኛው የተከካ አጃ ለሚወዱ መፍትሔውን ሰጠ። ይህ ምላሽ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ጭቅጭቁ ባልተነሣ ነበር። ማታ 1 ኩባያ የተከካ አጃ በ3 ኩባያ ውሃ 2 ደቂቃ ይፍላ፤ ወደ ሰፊ ዕቃ ይገልበጥ፣ ውፍረቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ሌሊቱን ውሃውን ይጠጣና ያብጣል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጀው ማብሰል ጠዋት ወደ 5 ደቂቃ ይወርዳል። ወተቱ የሚገባው ያኔ ነው። ከመጀመሪያው በወተት ከተጣደ ታች ያርራል፣ ላዩ ስልባቦት ይይዛል። ድስቱን ሙሉ አፍኖ ፍሪጅ ማስገባትን አጥብቆ ይቃወማል፤ መሐሉ ለሰዓታት ሞቆ ስለሚቆይ የፔርሙሱን ችግር እዚያው ይደግመዋል።

ከዚህ በኋላ ክሩ አቅጣጫውን ለወጠ። 14ኛው ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ በካርቶን የሚሸጠው የተዘጋጀ እህል አለ አይደል አለ። 15ኛዋ ካርቶኑን ስትገዛ የምታነበው የትኛውን ቁጥር ነው ብላ ያዘችው። በአንድ አቅርቦት (አንድ ጊዜ ይበላል ተብሎ በሚታሰበው መጠን) የሚለውን ሳይሆን በ100 ግራም የሚለውን ረድፍ ማየት ነው። አቅርቦቱ ብዙ ጊዜ 30 ግራም ተብሎ ይጻፋል፤ ልጅ ራሱ ሲቀዳ ከዚያ በቀላሉ ያልፋል፣ አንድ ቀን ሚዛን ላይ ማየት ይበቃል። በ100 ግራም 30 ግራም ስኳር ያለበት ዓይነት 60 ግራም ከተበላ 18 ግራም ስኳር ነው፤ 4 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ስለሆነ 4 ማንኪያ ተኩል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ነፃ ስኳር (የተጨመረ ስኳር፣ ማርና የፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለው) ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። በቀን 1,500 ካሎሪ ለሚበላ ልጅ ይህ 37 ግራም ገደማ ነው። ግማሹ ገና ከቤት ሳይወጣ አለቀ ማለት ነው። በ100 ግራም 5 ግራም ወይም ከዚያ በታች ያለውን ፈልጉና ጣዕሙን በሙዝ ስጡት ትላለች።

16ኛው እርጎም እኮ ስኳር አለው፣ ፍሬውም ስኳር ነው፣ ይህ ግብዝነት ነው ብሎ በቁጣ ገባ። 17ኛው ተራ በተራ ፈታለት። ስኳር ያልተጨመረበት እርጎ ላይ በ100 ግራም ከ4 እስከ 5 ግራም ቢጻፍ የወተቱ የራሱ ስኳር፣ ላክቶስ ነው፤ ነፃ ስኳር ውስጥ አይቆጠርም። ጣዕም የተጨመረበት እርጎ 12 ከተጻፈበት ልዩነቱ የተጨመረው ነው። ሙሉ ፍሬም አይቆጠርም፤ ስኳሩ በፍሬው ሥጋ ውስጥ ተይዟል። ማርና የፍሬ ጭማቂ ግን ቤት ውስጥ ቢጨመቅም ይቆጠራሉ። ማር ደግሞ ከ12 ወር በታች ላለ ሕፃን በፍጹም አይሰጥም፤ ገንፎ ውስጥ ቢበስልም ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር በቤት ማብሰያ ሙቀት አይጠፋም።

18ኛዋ ምግብ ትንንሾቹን እንዳያንቃቸው ጻፈች፤ አጭር ቢሆንም ማንም መዝለል የሌለበት ነው። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ለውዝ አይሰጥም። ወይን በርዝመቱ አራት ቦታ ይሰነጠቃል፤ አግድም ለሁለት የተቆረጠው አሁንም ክብ ስለሆነ ጉሮሮ ይዘጋል። የለውዝ ቅቤ ዳቦ ላይ ስስ ሆኖ ይቀባል ወይም አጃው ውስጥ ይሟሟል፤ በማንኪያ ጉብ ብሎ አይሰጥም። ልጅ የሚበላው ተቀምጦ ነው፤ ጫማ እየታሰረለት ወይም እየሮጠ አይደለም። 1ኛው ምላሽ ላይ ያለው ዘቢብም ለ3 ዓመት ልጅ ተከትፎ ይግባ ብላ አስታወሰች።

19ኛው ጥርስ መቦረሽ ከቁርስ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ ከርዕሱ ወጣ፤ 20ኛው ብርቱካን ወይም ጭማቂ ካለ በፊት፣ አለበለዚያም 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው ብሎ ዘጋው። አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ለጊዜው ስለሚያለሰልሰው ወዲያው መቦረሽ ይፍቀዋል።

21ኛዋ ጠዋት አልበላም ስለሚል ልጅ ጻፈች። እንደነቃ ወዲያው ማዕድ ላይ አይቀመጥ፤ 20 ደቂቃ ቆይቶ፣ ለብሶ ይምጣ። የሚቀርበው ትንሽ ይሁን፤ ከጨረሰ ይጨመርለታል። አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ያስቀመጠችውን ድንበር ትጠቅሳለች፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ መብላቱንና መጠኑን ልጁ። በጥድፊያ ሰዓት እንካ ጉረስ ማለት ፍላጎቱን ይዘጋዋል። ይልቅ የተቀቀለ እንቁላልና ፍሬ በምሳ ዕቃው ተጨምሮ ይሂድ። እንቁላሉ ግን ከፍሪጅ በወጣ በ2 ሰዓት ውስጥ ይበላ፤ ቦታው በጣም ሞቃት ከሆነ በ1 ሰዓት።

22ኛው ለዳቦ ተቆረቆረ። ዳቦ ፍሪጅ የሚያስቀምጡ ሰዎች እንዳይሻግት ብለው ያደርቁታል፤ ስታርቹ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ከክፍል ሙቀት ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ተቆራርጦ ፍሪዘር ይግባ፣ ጠዋት በቀጥታ ይጠበስ። ማታ የሚሠራ ሳንድዊች ካለ ሁለቱም ፊት በቅቤ ወይም በለውዝ ቅቤ ይቀባ፤ ቅባቱ እርጥበት እንዳይሰርግ ይከለክላል። ቲማቲም ጠዋት ነው የሚገባው።

23ኛው ላይ የክሩ ባለቤት ተመለሰች። 9ኛውንና 13ኛውን አመስግና ከዝርዝሯ ፔርሙሱን ሰረዘች፤ ሊጡን ቀድሞ ተጠብሶ በቀዘቀዘ ፓንኬክ ተካች። ጠዋት እሳት አይነካም ያለችውንም ለ5 ደቂቃ የሚሞቅ አጃ አላላችው። 10ኛውን አልነካችውም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨመረች፤ በኬክ ፎርማ የሚጋገረው እንቁላል ሲያድር ለምን ውሃ ይተፋል?

24ኛው፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ የመለሰው ለዚህ ነው። ለ6 ጉድጓድ ፎርማ 5 እንቁላል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 ኩባያ የተከተፈ አትክልት። ውሃው የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። ጥሬው ቲማቲም፣ እንጉዳይና ስፒናች ሲሞቁ ውሃቸውን ይለቃሉ፤ ስለዚህ እንጉዳዩ ቀድሞ በመጥበሻ ይድረቅ፣ ስፒናቹ በትኩስ ውሃ ጠውልጎ በእጅ ይጨመቅ፣ ቲማቲሙ ፍሬው ወጥቶ ይግባ። ሁለተኛው ብዙ መጋገር ነው፤ የእንቁላሉ ፕሮቲን ሲጨማደድ የያዘውን ውሃ ጨምቆ ያወጣል። በ180 ዲግሪ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ፣ መሐሉ ሲነካ ገና ትንሽ እንደራደ ይወጣል፤ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። ፎርማው ውስጥ ከ5 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቀመጣል፤ ጠዋት እርጥብ ወረቀት ለብሶ ማይክሮዌቭ ውስጥ 30 ሰከንድ ይሞቃል፣ መፈንዳት ከጀመረ አልፎበታል።